የጎርናናው ማርሚታ

የአራት ዓመት ልዩነት፣ መኪና ሥር ገብተው ሲለኩት፣ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ይሆናል። የእኔ መኪና አሮጌው ነው፤ የታላቅ ወንድሜ አዲሱ። ስማቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ፤ ሻጭ ቢጠየቅ መንታ ናቸው ብሎ ይምላል። ከሥራቸው በጀርባው የተንጋለለ ሰው ግን አይታለልም። የእሱ ጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ ቧንቧው ይረዝማል፤ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ሦስት ብሎን ይፈልጋል፣ የእኔ ሁለት። የሚንጠለጠልባቸው የጎማ ቀለበቶችም ቦታቸው ሌላ ነው። የፋብሪካ ሰዎች ደህና የነበረውን ካልነካኩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም መሰለኝ።

ወንድሜ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። ሩቅ መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ፤ እዚያው ቀበርነው። የመኪናው ፊት እንደ ወረቀት ተጨማዷል፤ ከኋላው በር ወዲያ ግን ጭረት እንኳ የለበትም። አስጎትቼ አምጥቼ ጋራዤ ጥግ ላይ ሸራ አለበስኩት። ለምን እንዳመጣሁት ብትጠይቁኝ አላውቅም።

እናታችን አታውቅም። ልቧ ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት አጥብቆ አስጠንቅቆናል። ስለዚህ አጎታችን ሰብስቦን አንድ ውሸት ቆርጦ ሰጠን፦ ወንድሜ ስልክ የማይሠራበት በረሃ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ሁላችንም እንደ ትምህርት በቃላችን ያዝነው። እህቴ ጥቁር ልብሷን እኔ ጋራዥ፣ ከሸራው ጀርባ ታወልቅና ቀይ ሹራብ ለብሳ ነው እማዬ ዘንድ የምትገባው። ስትወጣ ተመልሳ ጥቁሩን ትለብሳለች። እማዬም በሹራቡ ትቀልድባታለች፤ ደሞዝሽን ምን እያደረግሽው ነው፣ ሌላ ልብስ የለሽም ወይ ትላታለች። እህቴ ትስቃለች። እኔ ያን ሳቅ መስማት ሰልችቶኛል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት እማዬን ሐኪም ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። የእኔን ማርሚታ ዝገት በልቶት ጭሱ ከመቀመጫው ሥር ይገባ ጀመር። ባለፈው ማክሰኞ መንገድ ላይ ከንፈሯ ጠቆረ። ሐኪሙ በምን እንደመጣች ጠይቆ ሲሰማ ተቆጣኝ፤ በዚያ መኪና ዳግም ካመጣኋት እኔው እንደምገድላት ነገረኝ። መካኒክ ሆኜ ይህን መስማቴ! አሮጌ ዕቃ ተራ ለሦስት ቀን ዞርኩ፤ ለእኔ ሞዴል የሚሆን ተብሎ የሚወጣልኝ ሁሉ ከእኔው የባሰ ወንፊት ነው። ሌላ ማክሰኞ ደረሰ። ጠዋት ተነስቼ ሸራውን ገለጥኩት።

ያገዘኝ የጋራዡ በያጅ ነው፤ ሁላችንንም ከልጅነታችን የሚያውቀን ሽማግሌ። ሁለቱን ማርሚታዎች ጎን ለጎን አጋድመን ስንለካ፣ ከአንድ ማህፀን ወጥታችሁ እናንተስ መቼ ልካችሁ አንድ ሆኖ ያውቃል ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ከልጅነቴ የለበስኩት ሁሉ የወንድሜ ነበር፤ እማዬ እጅጌውን አሳጥራ ታለብሰኝ ነበር። አሁንም ያው ሆነ። የተረፈውን ቧንቧ ቆረጥን፤ የእሱን ጠርዝ ጥለን የእኔን በየድንበት፤ ማንጠልጠያውን ከብረት አጥፈን ሠራን። መጀመሪያ ስንሰቅለው ከኋላው ዘንግ ጋር ተነካካ፤ አወረድነው። አግለን ትንሽ አጎበጥነው፤ አሁንም እምቢ አለ። በሦስተኛው ገባ።

ሞተሩን አስነሳሁ። በያጁ የማርሚታውን ጫፍ በጨርቅ ሲደፍን እኔ መዳፌን በየብየዳው ላይ አስኬድኩ፤ የሚያፈተልክ ትንፋሽ የለም። ጎረቤታችን ላሜራ እየቀጠቀጠ ነበር፤ ጆሮዬም የሚፈልገው ፍሳሽ ብቻ ነበር። በያጁ ጨርቁን አነሳ።

«ድምፁን ሰማኸው?» አለኝ።

«አያፈስም» አልኩት።

የወንድሜን ማርሚታ ከዓመታት በፊት ድንጋይ መቶት ውስጡ የነበረው ድምፅ ማፈኛ ወልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪናው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይጎረንን ነበር። ልጠግንልህ ብለው ድምፁን ወድጄዋለሁ ብሎ እምቢ አለኝ። እማዬ ገና ከመታጠፊያው ትለየው ነበር፤ «ጎርናናው መጣ» ትልና የያዘችውን ሁሉ ጥላ ሁለቱንም የግቢውን በር ክንፎች ትከፍትለት ነበር። ለእኔ አንዱ ክንፍ ይበቃኛል፤ እሱም ጥሩንባ ነፍቼ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የመኪናን ሕመም በድምፁ እለያለሁ ብዬ የምፎክር ሰው ነኝ፤ ግን ያን ጠዋት ጭሱን እንጂ ድምፁን አላሰብኩም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኛን ያወጣው ማርሚታ ነው።

ከጋራዡ እስከ እማዬ ሰፈር መንገዱ የጭነት መኪናና የጥሩንባ ትርምስ ነው። መታጠፊያውን ዞሬ ጸጥታው ውስጥ ስገባ ሰማሁት። እግሬ ወደ ፍሬኑ ሄደ፤ ግን አልደረስኩም፤ በሩ መከፈት ጀምሯል። ሁለቱም ክንፎች ወለል አሉ። ሦስት ወር ሙሉ ያለ ደጋፊ ከወንበር ያልተነሳችው እናቴ መሃሉ ላይ ቆማ ትስቅ ነበር።

እኔን አየችኝ። ከጀርባዬ ያለውን መንገድ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተመለከተች። ባዶ ነው። ከዚያ መኪናው አጠገብ መጥታ ጆሮዋን አዘነበለች።

«የወንድምህን መኪና ፈታኸው?» አለችኝ።

«እሱ ነው ውሰደው ያለኝ።»

«ስልክ የለበትም አላላችሁኝም?»

አጎታችን ለዚህ መልስ አልሰጠንም ነበር። እማዬ ሳትቆጣ፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ ባለቤቱ በሕይወት ያለ መኪና አይፈታም አለች። ቀጥላም ቀይ ሹራብ፣ ቀይ ሹራብ አለች።

«መቼ ነው?»

«ሦስት ወሩ» አልኳት።

ትወድቃለች ብዬ በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን አወጣሁ። አልወደቀችም። ሞተሩን ላጠፋ ቁልፉን ስይዝ እጇን ዘረጋች።

«አታጥፋው» አለችኝ። «ትንሽ ይቆይ።»

ዞራ ከመኪናው ኋላ ሄደች፤ ማርሚታው አፍ ላይ፣ ጭሱ መሃል ቆመች። ጭሱን ተጠንቀቂ ብላት አልሰማችኝም። ያ ጭስ ደረቷ እንዳይገባ ብዬ ነበር ያን ሁሉ የቆረጥኩትና የበየድኩት። ወርጄ ልጎትታት አልደፈርኩም፤ ላጠፋውም አልቻልኩም። የነዳጁ ቀስት ቀይ ላይ ነበር። መሪውን ይዤ በመስታወቱ እያየኋት ተቀመጥኩ፤ አለቀስኩ።

ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንተባትቦ ራሱ ጠፋ። እማዬ እንደገና ይነሳ እንደሆነ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ግቢው ገባች፤ አንዱን የበር ክንፍ፣ ቀጥሎም ሌላውን ዘጋች። እኔና መኪናው ውጭ ቀረን።