ያላደፉት መጻሕፍት

ሞጣ ድረስ ተሸክመናቸው የሄድነው መጻሕፍት ከማተሚያ ቤት እንደወጡበት ቀን ንጹሕ ነበሩ። ያስፈረደብንም ንጽሕናቸው ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ሳቢራ እባላለሁ። የሞጣ ልጅ ነኝ፤ አባቴ እዚያው ጨርቅ ነጋዴ ነው። ቢቸና አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሁለተኛ ክፍልን የምታስተምረው ምሥራቅ ናት። ቢቸና ከተማ ውስጥ አንድ ቤት ተከራይተን አብረን ነው የምንኖረው። እሷ ዝምተኛ ናት፣ እኔ አፌ አያርፍም፤ ሳንጣላ የኖርነውም ለዚህ ይመስለኛል።

የምሥራቅ ጭንቀት አንድ ነበር። ልጆቿ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው አንድ መስመር ማንበብ አይችሉም። ሰሌዳ ላይ የጻፈችላቸውን በቃላቸው ይሸመድዱታል፤ ቦታውን ብታቀያይርባቸው ግን ዓይናቸው ፈዞ ይቀራል። «ቤታቸው መጽሐፍ የለም እኮ፤ በምን ይለማመዱት?» ትላለች። ስለዚህ ለትምህርት ቤቶች ትናንሽ ድጎማ ለሚሰጥ አንድ ድርጅት ፕሮፖዛል ጻፈች። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተር ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብላ እየጠበቀች፣ ሲመጣ ገብታ እየተየበች፣ ሁለት ጊዜ ውድቅ ሆኖባት በሦስተኛው አሸነፈች። አርባ የተረት መጻሕፍት መጡልን። እያንዳንዱ ልጅ አንድ መጽሐፍ ቤቱ ወስዶ ሲያነብ እንዲከርም ነው። ይኸኛው ዙር ከተሳካ፣ በሁለተኛው ዙር ለሁሉም ክፍል መጻሕፍት ይመጣሉ፣ አንዲት የንባብ ክፍልም ትሠራለች። ምሥራቅ ቦታዋን ሳይቀር መርጣ ነበር፤ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ነፋሻው ጋ።

መጻሕፍቱ የታደሉት ኅዳር ላይ ወላጅ ተሰብስቦ ነው። ርእሰ መምህሩ አቶ ባየ እደላው እንዳለቀ ንግግር አደረጉ። «ይህ ንብረት ነው! ያቆሸሸ፣ የቀደደ፣ የጣለ ወላጅ ይጠየቃል!» አሉ፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። የወንበር እግር በተሰበረ ቁጥር ወረዳ እየተጠሩ የሚገሠጹ ሰው ናቸው፤ ሌላ ቋንቋ ከየት ያምጡ? ወላጆቹ መጽሐፋቸውን ታቅፈው አዳመጡ። ንግግሩ ሳያልቅ መጽሐፏን የገለጠች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፣ ብሩክታይት የምትባል። መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ጣቷን በምራቋ እያራሰች ታገላብጣለች። እናቷ ባንቺዓለም እጇን መታ አደረገቻትና «ኧረ ተይ አንቺ! መጽሐፍ እኮ ነው!» ብላ ነጥቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው።

ከዚያ በኋላ ምሥራቅ በየሳምንቱ «አነበባችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይላሉ። የኛ ልጆች «አዎ» ማለትን ያህል አጥርተው የሚያውቁት ነገር የለም።

ጥር ላይ ብሩክታይት ሞተች። ለአጨዳ ከአጎቷ ጋር ቆላ ወርዳ ወባ ይዟት ነው የተመለሰችው፤ ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት አቅም አልነበራትም። ለቅሶ ሄደን ባንቺዓለም ፀጉሯን ተላጭታ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ምሥራቅ ስለ መጽሐፉ አንድም ቃል አልተናገረችም። ልጇን የቀበረች እናት መጽሐፍ መልሺ አትባልም።

ሚያዝያ ላይ ድርጅቱ ያሸነፉትን ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሞጣ ጠራ። መጻሕፍታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አይተን ለሁለተኛው ዙር እንመርጣለን ተባልን። ምሥራቅ ልጆቹን መጽሐፋቸውን እንዲያመጡ ስታዝዛቸው ያመጡት ወላጆቻቸው ናቸው። ከሣጥን እያወጡ፣ ከጨርቅ እየፈቱ አስረከቡን። አንዷ እናት እንደ ዳዊት ማኅደር አድርጋ ከአሮጌ ኩታ ሰፍታለታለች። አንድ አባት ደግሞ «ግድግዳ ላይ ከዳዊቴ ጎን ሰቅዬው ነው የከረመው። ልጁንም ለገና እጁን አስታጥቤ አሳይቼዋለሁ» አሉን፣ ደስ ብሏቸው። እኛም ደስ አለን። መጽሐፍ የሚያከብር ሕዝብ ብለን ኮራን እንጂ፣ አክብሮት የገባበት ቤት ልጅ እንደማያነብ ማን አስተዋለ?

ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በጉንደ ወይን በኩል በዚያ አቧራ ሞጣ ገባን። ገምጋሚዋ መነጽር ያደረገች ወጣት ናት። አንዱን መጽሐፍ አንስታ ገለጠች፤ ጀርባው ቀጭ አለ። ሁለተኛውን ገለጠች። ሦስተኛው ላይ ገጾቹ እንደተጣበቁ ነበሩ፤ በጥፍሯ አላቀቀቻቸው።

«እህቴ፣ እነዚህ ተነብበዋል?»

«በጣም ተጠንቅቀው ነው የያዙት» አለች ምሥራቅ። ፈገግ ብላ ነበር፤ ያ ፈገግታዋ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

«ልጅ ያነበበው መጽሐፍ እንዲህ አይሆንም። ይታጠፋል፣ ያድፋል፣ ይቀደዳል። እስቲ አንድ እንኳ የተነበበ አሳዪኝ።»

ምሥራቅ ካርቶኑን እስከ ታች ፈተሸች። ሠላሳ ዘጠኙም ያው ናቸው። እኔ ተነስቼ በኛ አገር መጽሐፍ እንዴት እንደሚያዝ፣ አቶ ባየ ምን እንዳሉ፣ ጮኼ አስረዳሁ። ገምጋሚዋ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ። «ይገባኛል፤ ግን እኔ የተላክሁት ንባብ ለማየት ነው» አለች። ከሰዓት በኋላ ውጤት ተነገረ፤ ሁለተኛው ዙር እዚያው ሞጣ ላለ ትምህርት ቤት ተሰጠ። ማታ አባቴ ቤት ራት ስንበላ ምንም ሳያውቅ «የሞጣ ልጆች አሸነፉ አሉ፣ እንኳን ደስ አለን!» አለ። ምሥራቅ «እንኳን ደስ አለዎት» አለችው።

ቢቸና ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ገብቷል፤ ገብቶም ተጣምሟል። አንድ መጽሐፍ ስለጎደለ ነው የተከለከሉት፣ መምህሯም ልትከሰስ ነው እየተባለ ነበር።

በማግሥቱ ባንቺዓለም ቤታችን መጣች። በአንድ ብብቷ ዶሮ ይዛለች፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር። ግቢ ብንላት ደጃፉ ላይ ተንበረከከች።

«መምህርት፣ በኔ ልጅ ጥፋት የሰው ልጅ አይከልከል። ዶሮዋን ለካሣ ይቀበሉኝ።»

ምሥራቅ አንስታ መደብ ላይ አስቀመጠቻትና ጨርቁን ፈታችው። ሽፋኑ የለም። ማዕዘኖቹ ከመዳሰስ ብዛት ክብ ሆነዋል፤ የተቀደደው ገጽ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ገጹ ሁሉ የጣት አሻራ ነው።

«ልመልሰው አፈርሁ፣ ላቃጥለው እጄ እንቢ አለኝ» አለች ባንቺዓለም። «ስንት ጊዜ ተቆጣኋት። ስትበላም ይዛው ነው። እንጨት ስትለቅምም ይዛው ነው። ስትተኛ ከራስጌዋ ነው።»

እኔ ምንም አላሰብሁም። ስልኬን አወጣሁና «ፎቶ አንስተን ለገምጋሚዋ እንላክላት! ይኸው አንድ! አንድ አይደል ያለችው?» ብዬ ጮኽሁ። ምሥራቅ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ገንዘቡ ተሰጥቷል፤ አልቋል። ይልቅ ባንቺዓለም አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ያዘች። ልታጽናናት ነው የፈለገችው፤ እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር።

«እትዬ ባንቺዓለም፣ ልጅዎ አላጠፋችም። መጽሐፍ ሲነበብ እንዲህ ነው የሚሆነው። ከአርባው ልጅ ያነበበችው እሷ ብቻ ናት። እኛን ያስከለከለን የሌሎቹ ንጹሕ መሆን ነው።»

«አላጠፋችም?» አለች ባንቺዓለም።

«አላጠፋችም።»

መጽሐፉን ከምሥራቅ እጅ ወሰደችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠችና መሐል ላይ ቆመች። የደረቀ ሽሮ ያለበት ገጽ ነበር፤ ከሥሩ ዝንጀሮ ተስላለች። ወደኔ ዘወር ብላ «እዚህ ላይ ምን ይላል?» አለችኝ።

አነበብሁላት። «ዝንጀሮዋ ጅራቷን ረስታ ገበያ ሄደች። ገበያተኛው ሁሉ ‹ጅራትሽስ?› ሲላት፣ ‹ቤት እየጠበቀልኝ ነው› አለች።»

«አንዴ ይድገሙልኝ።»

ደገምሁት። ባንቺዓለም በአውራ ጣቷ የሽሮውን ጠብታ ዳሰሰችው።

«ለካ በዚህ ነው የሳቀችው» አለች። «እኔ እኮ ወጡን አፍስሳ የምትስቅብኝ መስሎኝ ነው የመታኋት።»