ከመጥረጊያ ክፍል የወጣው አለቃ

የከተማችንን ዩኒቨርሲቲ አንድ ደረጃ ከፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ! ፕሬዚዳንቱም የድርሻቸውን ተወጥተዋል፣ አልክድም። ድሮ ባለ ቆርቆሮ የነበረውን ግቢ ፎቅ በፎቅ ያደረጉት፣ ቤተ ሙከራውን በመስታወት ያሳመሩት፣ ትምህርት ለከበዳቸው ተማሪዎች አስጠኚ የመደቡት እሳቸው ናቸው። የጎደለውን ነገር ግን ማን አሳያቸው? እኔ። ያውም ከአምስተኛ ክፍል ባቋረጥኩት ትምህርት!

እህቴ እዚያ ግቢ ኬሚስትሪ ትማራለች። እትዬ ነው የምላት፤ አክብሬያት ሳይሆን ካላልኳት ስለምትቆነጥጠኝ። በትምህርት ላይ እያለች አገባች፣ ወዲያው ወለደች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ቤት የሚመጣው መኪናው ሲበላሽ ብቻ ነው። እናታችን ዳቦ ቤት ትሠራለች። ታዲያ ልጁን ማን ይያዝ? እርስ በርስ ተያዩና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። በዚያው ከትምህርት ቤት ቀረሁ። መጀመሪያ ላይማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሒሳብ አስተማሪያችንን ፊት ከማይ የሕፃን ቂጥ ብጠርግ ይሻለኛል ብያለሁ። በኋላ ግን ጓደኞቼ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው እየተሳሳቁ በበራችን ሲያልፉ እስኪርቁ ድረስ በዓይኔ እሸኛቸው ጀመር።

ልጁን አለቃ ነው የምለው። ያዛል፣ ይቆጣል፣ ሥራ አይሠራም። ጡጦ ደግሞ ቢሞት አይነካም! የእናቱን ጡት ካላገኘ ጩኸቱን ያቀልጠዋል። ስለዚህ እትዬ ክፍል በገባች ቁጥር እኔና አለቃም ግቢ መገኘት አለብን። ችግሩ፣ በሩ ላይ «ሕፃን ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከሰሌዳው ሥር ደግሞ ፊቱ ተፈትቶ የማያውቅ ዘበኛ ቆሟል። ተማሪዎቹ ኮስታራው ይሉታል።

ዘዴውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። የእትዬን ባል ሰፊ ካፖርት እለብሳለሁ፣ አለቃን ከፊት ለፊቴ በሻርፕ ጥፍር አድርጌ አስራለሁ፣ ካፖርቱን እቆልፋለሁ፣ ሻሼን እስከ ቅንድቤ እጎትታለሁ። ከዚያ መጥረጊያ ይዤ፣ ወገቤን ደግፌ እያቃሰትኩ መግባት ነው። ኮስታራው የጽዳት ሠራተኛ እመስለዋለሁ፤ አንጀቱን እበላዋለሁ።

«ቀስ በይ እናቴ፣ ደረጃው ያዳልጣል» ይለኛል።

ቀስ ብዬ እሄድና ከሳይንስ ሕንፃው ደረጃ ሥር ያለችው የመጥረጊያ ክፍል ውስጥ እገባለሁ። የጽዳት ሴቶቹ አይተው እንዳላዩ ያልፉናል። እትዬ በዕረፍት ሰዓት እየሮጠች መጥታ በመወልወያና በባልዲ መሃል ተቀምጣ ታጠባለች። ሌሎች እናቶችም አሉ፤ እነሱ ልጃቸውን ለጎረቤት ትተው በምሳ ሰዓት ቤታቸው ሮጠው ይመለሳሉ። ከእትዬ ጋር የወለደች ጓደኛዋማ ሩጫው ሲበዛባት በቃኝ ብላ ትምህርቱን ትታ ቀርታለች።

የመጨረሻው የቤተ ሙከራ ፈተና ዕለት እትዬ ጣቷን ዓይኔ ሥር ቀሰረች።

«ስሚኝ፣ አንቺ ወሬኛ! ይሄ ፈተና ካመለጠኝ ዓመቱን ሙሉ ልደግም ነው። ዛሬ ከተያዝን ደግሞ ጨርሶ አልመለስም፤ መሳቀቅ ሰልችቶኛል። ከዚህ ክፍል ንቅንቅ እንዳትሉ!»

«ምን ነካሽ እትዬ? እኔ እኮ ነኝ ያለሁት!»

«እሱ እኮ ነው ያስፈራኝ!» ብላኝ ሄደች።

ሥራ ፈትቼ አልተቀመጥኩም። ፕሬዚዳንቱን አንድ ቀን ባገኛቸው የምናገረውን ንግግር መጥረጊያዎቹን ደርድሬ ተለማመድኩ። «ክቡር ፕሬዚዳንት ሆይ፣ የእናቶች እንባ…» ስል አንዱ መጥረጊያ ወደቀ። በጣም ነክቶት መሆን አለበት። ከዚያ የጨርቁ ከረጢት ላይ ጋደም ብዬ ዓይኔን ትንሽ ጨፈን አደረግኩ። ለማሰብ ነው።

ዓይኔን ስገልጥ አለቃ የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። ካፖርቴን እንኳ ሳልቆልፍ ተፈትልኬ ወጣሁ።

በኋላ እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ያን ዕለት ፕሬዚዳንቱ እንግዶች እያስጎበኙ ነበር። ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆመው፣ «በዚህ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ አጥቶ የሚያቋርጥ ተማሪ የለም!» እያሉ ሳለ አለቃ በዳዴ ደርሶ የጫማቸውን ክር ያዘ። ጎተተ። ተፈታ። አንዲት እንግዳ ጎንበስ ብለው አዩትና፣ «ይሄኛውስ ተማሪ የየትኛው ዲፓርትመንት ነው?» አሉ።

እኔ ስደርስ አለቃ ፕሬዚዳንቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ክራቫታቸውን ይበላል።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

በመስታወቱ በኩል እትዬን አየኋት፤ ብልቃጥ እንደያዘች ድርቅ ብላለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ወደ ፊት ወጣሁ።

«የኔ ነው!»

«የአንቺ?» ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ፀጉሬ ላይ የመጥረጊያ ጭራሮ ተሰክቷል።

ኮስታራው ይሄኔ እያለከለከ ደረሰ። ካፖርቱን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ይቺን ልጅ አውቃታለሁ! ጠዋት ስትገባ እርጉዝ ነበረች!»

አለቃ ዞሮ ፈገግ አለለት። ከታች ሁለት ጥርሶቹ ብቅ አሉ።

«እ… ጥርስ አብቅሎ ነው እንዴ የተወለደው?» አለ ኮስታራው።

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ልስቅ ስል አለቃ ሁለት እጁን ወደ መስታወቱ ዘርግቶ፣ «እማ!» ብሎ ጮኸ። ውሸቴ ያኔውኑ ገደል ገባ። እትዬ ብልቃጡን አስቀመጠችና ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች። ከወጣች ፈተናው አለቀ።

ፕሬዚዳንቱ አንዴ ልጁን፣ አንዴ እሷን አዩ። ከዚያ በሩን ገፋ አድርገው አንገታቸውን ብቻ አስገቡ።

«ጨርሺ ልጄ። አያቱ ይዞታል ብለሽ ቁጠሪው።»

እትዬ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች።

ጉብኝቱ አለቃን ፕሬዚዳንቱ ትከሻ ላይ አድርጎ ቀጠለ። ኮታቸው ላይ አስመለሰባቸው። «ግድ የለም፣ እኔም ልጆች አሳድጌያለሁ» አሉና ትንሽ አስበው፣ «ማለቴ፣ ባለቤቴ አሳድጋለች» አሉ።

ከዚያ ወደኔ ዞረው የት እንደምንቀመጥ ጠየቁኝ። የመጥረጊያ ክፍሏን ከፍቼ አሳየኋቸው። ያ ሁሉ የተለማመድኩት ንግግር የት እንደገባ እንጃ!

«ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ መስኮት የለም» ብቻ አልኩ።

ቀስ በቀስ አፌ ተፈታና በምሳ ሰዓት ስለሚሮጡት እናቶች፣ በቃኝ ስላለችውም ነገርኳቸው። በሩን ይዘው ባልዲና መወልወያውን አንድ በአንድ አዩ።

«ያን የበሩን ሰሌዳ ያሰቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ልጁ ይከለከላል ስል እናቲቱ ወዴት እንደምትሄድ አላሰብኩም ነበር።»

እትዬ ፈተናዋን ጨርሳ እየበረረች መጣች። አለፈች ደግሞ! ሰሌዳው ወረደ። የእንግዳ ወንበር ተከምሮበት የነበረው ሰፊ ክፍል ተጠርጎ፣ ፀሐይ እንደ ልብ የሚገባበት የሕፃናት ማቆያ ሆነ፤ ሞግዚቶችም ተቀጠሩለት። በቃኝ ያለችው ጓደኛዋ ተመለሰች። ኮስታራውማ ባርኔጣው ከልጆቹ እጅ አይወጣም፤ ፊቱም ሊፈታ ምንም አልቀረው። እኔም አምስተኛ ክፍል ተመልሼ ገብቻለሁ። ከክፍሉ ሁሉ ረጅሟ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ መደበቅ አልችልም። የሒሳብ አስተማሪዬ ያው የድሮው ናቸው። ብታምኑም ባታምኑም፣ ናፍቀውኝ ነበር።

ማቆያው በተመረቀ ዕለት ፕሬዚዳንቱ ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ «ይህን ክፍል ያስከፈተልን…» ከማለታቸው እኔ መድረክ ላይ ወጣሁ። ምን ያስጨርሳቸዋል? ማንን እንደሚሉ ይታወቃል። ማጉያውን ተቀብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ክቡራንና ክቡራት! ለዚህ ቀን ስል ዓይኔን ሳልከድን፣ ሌት ተቀን…»

እትዬ አለቃን ታቅፋ ከፊት ወንበር ብድግ አለች። የሷ ድምፅ ማጉያ አያስፈልገውም።

«አንቺማ ተኝተሽ ነበር! በዳዴ ሄዶ ያስከፈተው እሱ ነው። ይልቅ ውረጂና ዳይፐሩን ቀይሪለት!»