ግራጫው ጨርቅ እስኪተኮስ

አባዬ በቀን አንድ ሰዓት አለው። ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ድረስ እማዬ ሚስቱ መሆኗን፣ እኔ ልጁ መሆኔን፣ እሱ ራሱ አርባ ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፊ እንደነበረ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ጭልጥ ብሎ ይሄዳል። ቤታችን ውስጥ እንደ እንግዳ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ውሃ ስንሰጠው «አስቸገርኳችሁ» ይላል። ሐኪሙ ያቺም ሰዓት እያጠረች እንደምትሄድ ሲነግረን እማዬ አላለቀሰችም። ማታ ሳህን እያጠበች አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

«አውቆኝ፣ እያየኝ፣ አንድ ፎቶ አንሺን። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ፎቶ አንሺ ነኝ። የሰው ሠርግ፣ የሰው ምርቃት፣ የሰው ልደት ሳነሳ ሃያ ዓመት ሞላኝ። የእናቴንና የአባቴን አንድ ደህና ፎቶ ግን፣ ዛሬ ነገ ስል፣ አላነሳሁም። የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ፣ አልቀየመውም።

የራሴ ስቱዲዮ የለኝም። ያለኝ በሰፈሩ ሁለገብ አዳራሽ ውስጥ ዓርብ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት የሚቆይ ተራ ነው። ከእኔ በፊት የሴቶች ስፖርት አለ፣ ከእኔ በኋላ የልብስ ስፌት ሥልጠና፣ ከሰዓት በኋላ ማለቂያ የሌለው ስብሰባ። ሁሉም ይገባበታል፣ ማንም አያጸዳውም። ግድግዳው ላይ ሚስማር መምታትም ሆነ ፕላስተር መለጠፍ ክልክል ስለሆነ በየሳምንቱ ከዜሮ እጀምራለሁ። ሁለት ስታንድ አቆማለሁ፣ በመሃላቸው ዘንግ አጋድማለሁ፣ ዘንጉ ላይ ለፎቶው ጀርባ የሚሆነውን ግራጫ ጨርቅ እሰቅላለሁ፣ ጠርዙን በመቆንጠጫ ወጥሬ የስታንዶቹን እግር በአሸዋ ከረጢት እጫናለሁ። ሁሉም አማን ከሆነ ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል።

ያን ዓርብ ሁሉም አማን አልነበረም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ወላጆቼን ይዤ ደረስኩ፤ ስፖርተኞቹ ገና ይዘላሉ። አሠልጣኟ ሳትዞር አምስት ጣቷን አሳየችኝ። አምስት ደቂቃ ማለቷ ነበር፤ አሥራ አምስት ሆነ። አባዬ ኮትና ከረባቱን ግጥም አድርጎ በር ላይ ቆሞ ሲያያቸው ቆየና «እነዚህን ሴቶች ማነው እንዲህ ያናደዳቸው?» አለ። እማዬ አፏን ሸፍና ሳቀች። ቀልዱ የራሱ የድሮው አባዬ ነበር። እኔ ግን ሰዓቴን ነበር የማየው።

ሲወጡ እቃ ክፍል ገባሁ። የአሸዋ ከረጢቶቼ የሉም። ለካ ስፖርተኞቹ ለክብደት ማንሻ ሲጠቀሙባቸው ከርመው ሁለቱንም ቀደዋቸዋል። ደሜ ፈላ። የአዳራሹን ጠባቂ፣ ከወገቡ የቁልፍ እስር ስለማይለይ ጋሽ ቁልፉ የምንላቸውን፣ ጠራኋቸው።

«የጋራ መስሏቸው ነዋ!» አሉኝ ጋሽ ቁልፉ። «አንቺ ደግሞ ለአፈር እንዲህ ትሆኛለሽ? ቆይ፣ ባልዲ ውሃ ሞልቼ አመጣልሻለሁ።»

ባልዲዎቹ እስኪሞሉ ጨርቁን ፈታሁት። የባሰው እዚያ ነበር። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ወንበር ከምሮበት ከርሟል መሰለኝ፣ እንደታኘከ ወረቀት ሆኗል። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት።

እማዬ ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀምጣለች። «ተይው በቃ» አለችኝ። «እንዲሁ እንደተጨማደደ ሰቅለሽ አንሺን። ካልሆነም ግድግዳው ምን አለው?»

ግድግዳው የተደረደረ ወንበርና «ጫማ አውልቁ» የሚል ማስታወቂያ አለው። ቢሆንም ማንሳት ነበረብኝ። አሁን ሳስበው አንጀቴ እርር ይላል። ግን እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ካውያ ሥር ነው። እኔና አባዬ እኩል ዞረን፣ በአንድ አፍ፦

«ተጨማዶ?!»

አባዬ ኮቱን አውልቆ ለእማዬ አስያዛትና እጅጌውን ሰበሰበ። «እንዲህ ያለ ጨርቅ ሰው ፊት አይቀርብም። ካውያ የለም እዚህ ቤት?»

የስፌት ሠልጣኞቹ ካውያ ነበር። ጋሽ ቁልፉ ከሃያው ቁልፍ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ቁም ሳጥኑን ከፈቱልን። ሁለት ጠረጴዛ አገጣጠምን። አባዬ ጣቱን በምራቁ ነካ አድርጎ የካውያውን ሆድ ዳሰሰ፣ ጭስስ ሲልለት መተኮስ ጀመረ።

«ጫፉን ያዢ። ወደ ራስሽ ሳቢ። እንደሱ አይደለም፣ ታጣምሚዋለሽ! ስንቴ ልንገርሽ?»

በሰባት ዓመቴ የሰማሁት ቁጣ ነበር። እጆቹ አንድም ነገር አልረሱም። ጨርቁ ከካውያው ኋላ ለጥ እያለ ሲወጣ፣ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ሰዓቴን ማየት የተውኩትም ያኔ ነው።

ሊጨርስ ሲል ቀና ብሎ እማዬን አያት። ካውያውን አቆመው።

«ምነው ዛሬ ተኳልሽ?» አላት። «ለእኔ ነው?»

«ታዲያ ለማን ይሆናል?»

«አዪ! አሁንም ታምሪያለሽ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ።» ሳቀ፤ እሷም ኮቱን አቅፋ እንደ ልጃገረድ አቀረቀረች። «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስና እመጣልሻለሁ።»

ፎቶው ያ ነበር። ሁለቱም እጆቼ የጨርቁን ጫፍ ይዘዋል፣ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ነው። ልልቀቀው? ብለቅ ጨርቁ መሬት ይነካል፣ አባዬ ይቆጣል። አልለቀቅኩትም።

ሰቀልነው። ወዲያው የጣሪያው ማራገቢያ ጨርቁን እንደ ሸራ ነፋው። ማብሪያ ማጥፊያው ከመብራቱ ጋር አንድ ነው፣ ማራገቢያው ሲጠፋ አዳራሹ ይጨልማል። ጋሽ ቁልፉ በመጥረጊያ እጀታ ማራገቢያውን ሊያቆሙ ወንበር ላይ ወጡ። እኔ ወንበሩን ልያዝ ወይስ ስታንዱን? የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። በመጨረሻ መጋረጃዎቹን ሁሉ ከፍተን መብራቱንም ማራገቢያውንም አጠፋን። ባልዲዎቹን አስቀመጥኩ፣ መቆንጠጫዎቹን ወጠርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የተስተካከለ ጀርባ ሰቅዬ አላውቅም። የመስኮቱ ብርሃንም የተለየ ነበር።

«አባዬ፣ በል ና።»

ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ የካውያውን ገመድ በጥንቃቄ እየጠቀለለ ነበር። ሲጨርስ ገመዱን እጁ ላይ አየው፣ ለማን እንደሚሰጠው ፈልጎ ዙሪያውን ቃኘ፣ ለጋሽ ቁልፉ አቀበላቸው። አራት ሰዓት ከአሥር ሆኗል። ሰዓት በመቆንጠጫ አይያዝ።

እማዬ ኮቱን አለበሰችው። እጁን በጨዋነት ዘረጋላት፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላት። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከኚህ ሴትዮ ጋር ነው የምነሳው?»

«አዎ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

አሰበ። ሲያስብ ግንባሩ የሚታጠፈው እንደ ድሮው ነው።

«ባለቤታቸው ቅር አይላቸውም?»

እማዬ ሰምታለች። እኔ ሌንስ የማስተካክል መስዬ አንገቴን ደፋሁ፤ ቀና ብል ማን ሊያጽናናኝ ነው፣ ማንንስ ላጽናና?

«አይላቸውም» አለችው እማዬ። «ደግ ሰው ናቸው። ይቀመጡ።»

አባዬ ኮቱን ቆለፈና ጎኗ ተቀመጠ። እንዳይነካት ተጠንቅቆ በመሃላቸው አንድ ስንዝር ተወ። እማዬም አልተጠጋችውም፣ እንዳይደነግጥባት። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ሌንሱ አየችና «አንሺ» አለችኝ። አነሳኋቸው።