አያስፈልገውም

እማማ አትጠገብ በዲላ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ ያረጀች ሴት ናት። ፊደል አትለይም፤ «አንብቡልኝ» ብላ ማንንም ለምና አታውቅም። ሙዝ የተቀላቀለበትን ቅቤ በጣቷ ጫፍ ዳሰስ አድርጋ ትለየዋለች። የሰውንም ውሸት እንደዚያው የምትለይ ይመስላታል።

ከሐኪም ውሸት የያዘችው አንድ ቃል ነበር። ባሏ ደረቱን ይዞ በተኛ ጊዜ ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሙ «ራጅ አያስፈልጋቸውም» ብሎ እንክብል ሰጥቶ መለሳቸው። ሰውዬው ከተቀበረ በኋላ የሆስፒታሉ ዘበኛ ቅቤ ሊገዛ መጥቶ፣ «ያኔ እኮ ራጁ ተበላሽቶ ነበር፤ ምን ይበሉ ብለው ነው» አላት። ቅቤውን ከእጁ ነጠቀችው። ከዚያ ወዲህ ሐኪም «አያስፈልግም» ካለ «የለንም» ማለቱ ነው ብላ ያዘች። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

የልጇ የከፈለኝ ሚስት ሳሮን ያለ ወሩ ወንድ ልጅ የወለደችው በዚያው ሆስፒታል ነው። ልጁ የጫጩት ያህል ነበር። ሲስተር ቤቴል የምትባለዋ ነርስ ልብሱን አወለቀችና ኮፍያና ሽንት ጨርቅ ብቻ አስቀርታ፣ ከእናቱ ጡቶች መካከል ለጥፋ በነጠላ ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ልጅ?» አለች አትጠገብ።

«እያሞቅሁት ነው እማማ። ቀንም ሌትም እንዲህ ይቆያል። ሳሮን ሲደክማት አባቱ ይይዘዋል፤ እርስዎም ይችላሉ።»

አትጠገብ ጥግ ላይ ወደቆመው የመስታወት ሣጥን በአገጯ ጠቆመች። «ማሞቂያው ምን ሊያደርግ ተገተረ?»

«ለእሱ ማሞቂያ አያስፈልገውም።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቤቴል ሌላ ቃል ብትመርጥ ኖሮ ምናልባት።

«እንዲህ ያለው ሕክምና ምን ይባላል?»

«ካንጋሮ እንለዋለን።»

«ካንጋሮ ደግሞ ምንድን ነው?»

ቤቴል የዋህ ነች፤ እውነቱን ተናገረች። «የሩቅ አገር እንስሳ ነች። ልጇን ሆዷ ላይ ባለ ኪስ ነው የምታሳድገው።»

«እሰይ! የባለመኪና ልጅ መስታወት ውስጥ፣ የእኛ ልጅ ከአውሬ ጋር!»

መስታወቱ ውስጥ በእርግጥ ሌላ ሕፃን ተኝቶ ነበር። እናቱ በቀዶ ሕክምና ወልዳው ገና አልነቃችም። ይህን ለአትጠገብ የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ያየችው ግቢው ውስጥ የቆመችውን መኪና ነው።

«እንደሱ አይደለም እማማ» አለች ቤቴል። «በማስረጃ የተረጋገጠ ነው። በብዙ ቦታ ተሞክሮ...»

«ማስረጃ ለፍርድ ቤት ነው። እስቲ ምስክርሽን ጥሪ። ከዲላ ትሁን ከጪጩ፣ እኔ የማውቃት እናት።»

«ብዙ አሉ።»

«ብዙ የሚባል ሰው አላውቅም።»

ሳሮን ግን ነገሩን ወዳው ነበር። ወሬ የማታበዛ የይርጋጨፌ ልጅ ናት፤ አገጯን የልጁ ኮፍያ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ትተኛለች። ልጁም ቀላ፤ ሰውነቱ ሞቀ፤ አፉን እያላወሰ ጡት መፈለግ ጀመረ። አትጠገብም ይህን በዓይኗ አየች። አይታም አላመነችም።

ከዚያ ቤቴል ለስልጠና ተጠራች። ስልጠናው ከተማው ውስጥ ባለ ሆቴል ነው፤ ስለዚሁ በማስረጃ ስለማከም። በሽተኛው አልጋው ላይ ቀርቶ፣ አካሚው ስለ በሽተኛ አያያዝ ሊማር ይሄዳል። በቦታዋ የተተካው ወንድይፍራው የሚባል ወጣት ነርስ ሌሎች ክፍሎችም ስላሉበት ብቅ ብሎ ይጠፋል።

በዚሁ መሐል የባለመኪናዋ ሴት ነቃች። ልጇን ከመስታወቱ አውጥተው ወሰዱላትና እንደ ሳሮን ደረቷ ላይ አሰሩላት። አትጠገብ ይህን አላየችም። እሷ ያየችው ባዶውን ማሞቂያ ነው። ወዲያው ዞን መስሪያ ቤት ለሚሠራው ለወንድሟ ልጅ ደወለች።

«ማሽኑ ባዶውን ቆሞ ወንድ ልጅ ሊሞትብን ነው። ሰው ካለህ ዛሬ ይታይ!»

ወንድይፍራው ሲመጣ ቀድማ ያዘችው። «እማማ፣ ልጁ እኮ ደህና ነው» አላት።

«ታዲያ እስኪታመም ልጠብቅልህ?»

ይህን ጊዜ የወንድይፍራው ስልክ ጮኸ። ጆሮው ላይ አድርጎ ቆመ። «እሺ ጌታዬ... እሺ... ገባኝ» አለ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ማንንም ሳያይ የሳሮንን ነጠላ መፍታት ጀመረ።

«እማማ፣ እኔ ጋር እኮ ይሞቀዋል» አለች ሳሮን።

«አንቺ ምድጃ ነሽ? ተኝተሽ እረፊ!»

ከፈለኝ ባጃጁን አቁሞ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ሚስቱን አየ፤ እናቱን አየ። «እማዬ ያለችው ይሁን» አለ።

ልጁ መስታወት ገባ። አትጠገብ ወንበር ስባ እንደ ዘበኛ አጠገቡ ተቀመጠች። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን የኮራችበት ጊዜ የለም። ወንድይፍራው ድንገተኛ ክፍል ተጠርቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ የዲላ ዝናብ ሲመጣ መብራት ይዞ ነው የሚሄደው። ማሞቂያው አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ጄኔሬተሩን ቢጠብቁ አልተነሣም፤ ናፍጣ የለውም ኖሯል።

ሳሮን ግድግዳውን ተደግፋ ከአልጋዋ ወረደች። «ይበርደዋል። ልውሰደው።»

«አትንኪው! ማሽን ነው፤ ራሱ ያውቃል። የተከደነ ድስት ከእሳት ሲወርድ ወዲያው ይቀዘቅዛል?»

«እማማ፣ በእግዚአብሔር! ወንድይፍራውን እንኳ ጥሩት።»

«አሁን መብራቱ ይመጣል አልኩሽ።»

ሳሮን ባሏን አየችው። ከፈለኝ በመስኮቱ ዝናቡን ያያል። እሷም ቆማ ስታለቅስ ቆየችና ተመልሳ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። መብራቱ አልመጣም። ወንድይፍራው ተመልሶ እጁን መስታወቱ ውስጥ ሲያስገባ ፊቱ ተለወጠ። ልጁን አውጥቶ ወደ ሳሮን ደረት ሮጠ፤ አሸው፤ እፍ አለበት። አልሆነም።

ቤቴል የስልጠናውን ቦርሳ እንዳንጠለጠለች ገባች። ባዶውን መስታወት አየች፤ ያልተዘጋውን የሳሮንን ደረት አየች። አትጠገብ ስድቧን አዘጋጅታ ትጠብቃት ነበር።

«በይ ተናገሪ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ምን ልበል እማማ?»

«ባሌን ዋሽታችሁ ቀበራችሁት። ስትዋሹን ኖራችሁ አንድ ቀን እውነት ብትናገሩ፣ እኔ በምን ልወቀው?»

ቤቴል መሬት መሬት አየች። «በልጁ» አለች ቀስ ብላ። «ልጁን አይተውት ነበር።»

አትጠገብ ከመስታወቱ አጠገብ ወንበሯን አነሣች።

ለጨቅላ ድንኳን አይጣልም፤ ጎረቤት ግን መጣ። ሴቶቹ አትጠገብን ከበው ያጽናናሉ። «ምን ያላደረግሽው አለ? ማሞቂያ ድረስ አስገብተሽዋል» ይላሉ። «ለልጅ ልጇ እንደ አትጠገብ የተሟገተ ማን አለ? ከዚህ በላይ የፈጣሪ ነው።» መውለጃዋ የተቃረበ ጎረቤቷ መሰረት ጠጋ አለቻትና በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ የእኔም አደራ። ምናልባት ያለ ወሩ ከሆነብኝ ለዚያ ለወንድምሽ ልጅ ትደውይልኛለሽ» አለች።

አትጠገብ ቀና አለች። «አልደውልም። ያለ ወሩ ከመጣ ደረትሽ ላይ እሰሪው። ማንም ቢመጣ እንዳታወርጂው፤ እኔም ብመጣ። ልጃችን ሞቆት ነበር። ከእናቱ ደረት አስወርጄ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ ተያዩ። «ሐዘን ነው የሚያናግራት» አለች አንዷ። ሌላዋ ትከሻዋን ይዛ፣ «ተይ እንጂ እትዬ፤ ማሞቂያ ያላዳነውን ደረት ያድነዋል?» አለቻት።

«ያድነዋል አልኩ!»

መሰረት ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «ለራስሽ ሲሆን የዞን ሰው አስነሣሽ» አለች። «ለእኔ ጊዜ ደረትሽ ላይ እሰሪው ትያለሽ። እግዜር ይስጥልኝ!»

አትጠገብ ወደ ውስጠኛው ክፍል ዞረች። «ሳሮን! አንቺ ንገሪያት እንጂ! እውነቱን ንገሪያት!»

ሳሮን ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።