ስምንተኛው ዝምታ

ጆዜት ቦኒቺ የአባቷን ሳሎን ዝምታ ለመቅረጽ ደጋግማ ሞክራ ደጋግሞ ከሽፎባታል። ዝምታ ደግሞ ይቀረጻል ወይ ትሉ ይሆናል። ይቀረጻል እንጂ፤ እነዚህ ልጆች ዘንድ የማይቀረጽ ነገር የለም። "ሦስተኛው ፈረቃ" የሚባለው ባንዳቸው ከሜልበርን ወዲያ ባለው የከሰል ሸለቆ ውስጥ የሚታወቀው ማንም ሰው አብሮ ሊያንጎራጉረው በማይችለው ዘፈኑ ነው። ጆዜት ድራም ትመታለች፣ ቀረጻውም በእሷ እጅ ነው። ራፍ ጊታር ይዞ ይዘፍናል፣ ያ ዘፈን ከተባለ። ሚን የምትባለው ልጅ ደግሞ ደህናውን ቤዝ ጊታር በቫዮሊን ደጋን ትፈትገዋለች፤ ለምን ብላችሁ ብትጠይቋት ትስቅባችኋለች።

አዲሱ አልበማቸው ስለ አንድ ሠራተኛ ነው። ሰውየው ገና ጢም ሳያበቅል ምሳውን ይዞ የኤሌክትሪክ ማመንጫው በር ላይ ከቆመበት ቀን ይጀምርና፣ ማመንጫው ተዘግቶ ጭስ ማውጫዎቹ በፈንጂ ሲወድቁ ከጓሮው ሆኖ እስካየበት ጠዋት ይዘልቃል። ስምንት ዘፈን ነው። እያንዳንዱ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት የሚያወራለት ቦታ ዝምታ ለአንድ ደቂቃ ይሰማል። ድምፅ የሚቀርጹ ሰዎች ያውቁታል፤ ባዶ ክፍል ሁሉ የራሱ ዝምታ አለው፣ የአንዱ የሌላውን አይመስልም። ማይክ ይተከላል፣ ሰው ሁሉ ይወጣል፣ መውጣት ያልቻለ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይቀመጣል። የልብስ መቀየሪያውን፣ የተዘጋውን ካንቲን፣ የከሰሉን ጉድጓድ አፋፍ፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰባቱን ጨርሰዋል። የቀረው የሰውየው ሳሎን ብቻ ነበር።

በአልበሙ ላይ ስሙ አይጠራም እንጂ ሰውየው አባቷ ነው። ካርመኑ ቦኒቺ፣ በሕፃንነቱ ከማልታ በመርከብ የመጣ፣ ሸለቆው ሁሉ ቻርሊ የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ የማመንጫው ቦይለር ላይ የተጠቀለለ አስቤስቶስ የሚባል የሙቀት መከላከያ ሲልጥና ሲለብጥ ኖሮ፣ አሁን በአቧራው ሳንባው እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኗል። ከአፍንጫው በቱቦ ከኦክስጅን ማሽን ጋር ተያይዞ ቀኑን ሙሉ ወንበሩ ላይ ይውላል። ለገና አይደርስም ብሏል ሐኪሙ። የጆዜት ሩጫ ለዚህ ነበር፤ አባቷ አልበሙን ሰምቶ እንዲሞት። ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበራትም፣ ይህችው አንዷ ምኞት ደግሞ እንቅልፍ ነስታታለች።

"እኔ የምለው" አለ ቻርሊ፣ ልጆቹ በእግሩ ስር ገመድ ሲጎትቱ እያየ፣ "ምንም ለመቅረጽ ነው... ይሄ ሁሉ ገመድ?"

"ምንም አይደለም፣ አባዬ። የቤትህ ዝምታ ነው።"

"እናትሽ እያለች መሆን ነበረበት። ያኔ ዝምታ... ብርቅ ነበር።"

"ቻርሊ፣ ተው አታስቀን፣ ቀረጻው ሊጀመር ነው" አለ ራፍ።

"አንተን ምን አሳቀህ? አንተ ስትዘፍን... እኔ ስቄ አውቃለሁ?"

በራሱ ቀልድ ሳቀና ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። ሳሉ እስኪበርድ ሁሉም ወለል ወለሉን እያዩ ጠበቁ።

ችግሩ ማሽኑ ነው። ያጉረመርማል፣ ትንሽ ያርፍና እፍ ይላል፣ ደግሞ ያጉረመርማል። ጆዜት ረጅም ቱቦ ፈልጋ ኮሪደር ላይ አወጣችው፤ በግድግዳው በኩል ተሰማ። ወደ ሳሎን መልሳ ብርድ ልብስ አለበሰችው፤ ግሎ መጮህ ጀመረ። የጆሮ ማዳመጫዋን ከጭንቅላቷ ነቅላ ሶፋው ላይ ወረወረችው።

"ተይው በቃ" አለ ራፍ። "የዚህ ቤት ዝምታ እኮ አሁን ማሽኑ ነው። እንዳለ ይግባ።"

"እኔም እንደዛ ነው የሚመስለኝ" አለች ሚን ቀስ ብላ።

የጆዜት ደም ፈላ። "ዘፈኑ ስለ አባቴ ነው! ስለ በሽታው አይደለም!"

እውነቱን ልናገርና፣ እሷ የፈለገችው የዛሬውን ሳሎን አልነበረም። የፈለገችው አባቷ ከሌሊት ፈረቃ መጥቶ የሚተኛበትን፣ እሷና እናቷ በካልሲ ብቻ የሚራመዱበትን የልጅነቷን ሳሎን ነው። ያ ሳሎን ቀርቷል፣ ላይመለስ ቀርቷል፤ ለልጅ ግን ይህን ማን ይንገራት? ማሽኑን እንደ ጠላት ታየው ነበር።

"ይሄ የተረገመ ማሽን ባይኖር ኖሮ" አለች፣ "ይሄኔ ጨርሰን ነበር!"

ቻርሊ እዚያው ወንበሩ ላይ ነበር። ሚን ዓይኗን አፈጠጠችባት፣ ጆዜትም ያለችው ነገር ወዲያው ገባት። አባቷን ዞር ብላ ስታየው ግን በመስኮቱ በኩል የጎረቤቱን ሎሚ ዛፍ እያየ ነው፤ ያልሰማ መሰላት። እንዳልሰማ ማሰቡ ሳይቀላት አልቀረም።

በማግስቱ ራፍና ሚን ሥራ ውለው አባትና ልጅ ብቻቸውን ሆኑ። ረፋድ ላይ ቻርሊ "ማይክሽን ትከይና ሂጂ" አላት።

"የት ልሂድ?"

"ፓስቲትሲ አምሮኛል። የአይቡን። ከማልታዊቷ ሴትዮ ሱቅ... ትኩሱን።"

ጆዜት ደስ አላት፤ ያ ሳምቡሳ መሰል የማልታ ምግብ ቀርቶ ምንም ካማረው ሰንብቷል። "ማይኩ ግን ምን ያደርጋል? ማሽኑ ይጮሃል እኮ።"

"ሞክሪዋ፣ ምን ቸገረሽ? ደሞ አንቺ ስትኖሪ... ወለሉ ይንቋቋል። ሰው ይወጣል ብለሽ የለ?"

"አንተስ?"

"እኔማ የቤት ዕቃ ነኝ" አለና ጠቀሳት።

ስቃ ግንባሩን ሳመችው። መቅረጫውን አስነሥታ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። ሱቁ ስትደርስ ፓስቲትሲው ገና ምድጃ ውስጥ ነበር። ሴትየዋ ስለ ቻርሊ ጠየቀቻት፣ ጆዜትም እስኪበስል ቆማ አወራች፤ ዛሬ በልቶ ነው የሚውለው አለቻት። ትኩሱን ከረጢት ታቅፋ ተመለሰች።

በሩን ስትከፍት ቤቱ ጸጥ ብሏል።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ከዚህ በኋላ ዕድሜ ልኳን ራሷን የምትረግመው በዚህ ነው፤ ከልቧ ጆሮዋ ቀደመ። "ወይኔ፣ እንዴት ያለ ንጹህ ዝምታ!" አለች በሆዷ። የበሩ እጀታ ቀጭ ብሎ ቀረጻውን እንዳያበላሽባት ጨብጣ ይዛ ቆመች። ምን ያህል ቆየች? እሷም አታውቀው። ከዚያ ምን ጸጥ እንዳለ ገባት፣ ከረጢቱን ጥላ ሮጠች።

ቻርሊ ምንጣፉ ላይ ነበር፣ በደረቱ ተኝቶ፣ ቱቦው ከአፍንጫው ሳይወጣ። አንድ እጁ ወደ ማሽኑ ተዘርግቷል። ማብሪያ ማጥፊያው ከማሽኑ ጀርባ፣ ከታች ነው፤ ለማጥፋት ጎንበስ ያለ ሰው ለማብራት ሁለተኛ ጎንበስ ማለት አልሆነለትም። ጆዜት ማሽኑን አበራችው፣ ደረቱን ጫነችው፣ ስሙን እየጠራች ጮኸች። አምቡላንስ መጣ። የመጡት ሰዎች ጥሩዎች ነበሩ፤ አንደኛው ምናልባት ሳያስበው ማጥፊያውን በእግሩ ነክቶት ይሆናል አላት። "እንጃ" አለች። ያንን "እንጃ" ይዛ እስከ ቀብሩ ሄደች።

ቀረጻውን የሰማችው ከተቀበረ በኋላ ነው፤ መኪናዋን መቃብሩ አጠገብ አቁማ፣ መስኮቱን ዘግታ። የነጠላ ጫማው ኮቴ ይሰማል። ቀጭ ይላል። ጉርምርምታው ይጠፋል። ከዚያ ድምፁ፦

"ይኸው። አሁን ቤቱ ቤት መሰለ። ልጄ... ከዚህ ጀምሪ።"

ከዚያ ምንም የለም። ትንፋሹ እንኳ የለም፤ ሳል የያዘው ሰው፣ ሳንባው ያለቀ ሰው፣ ትንፋሹን ውጦ ይዞላታል። ሩቅ አንድ ወፍ ትጮሃለች። ሰዓት ስታይ ደቂቃዋ ሞልታ አልፋለች። ጆዜት ስትለምነው የከረመችው ዝምታ ይህ ነው፣ እንከን የለውም። ቀጥሎ "በቃ... ይበቃሻል" ይላል፣ ድምፁ ተቆራርጦ። ወንበሩ ይንቋቋል። የከባድ ነገር መውደቅ ይሰማል፣ ጥፍርም ምንጣፉን ሲቧጥጥ። አንድ ጊዜ ብቻ ስሟን ጠራ። ጮክ ብሎም አይደለም።

ለማንም አልተናገረችም። ራፍ "ያን ቀን የቀረጽሽው ምን ሆነ?" ሲላት "ተበላሽቷል" አለችው፣ እሱም ነገር አላበዛባትም። አልበሙ በሰባት ዝምታ ተጠናቀቀ፤ ስምንተኛው ዘፈን ፊቱን ሳይታጠብ እንደ ወጣ ሰው እንዲሁ ዘው ብሎ ይጀምር ነበር። ሚን አንድ ነገር ሳትጠረጥር አልቀረችም። ሻይ አፍልታ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ ጆዜትም ሻዩን እስኪቀዘቅዝ ታየዋለች።

አልበሙን የመረቁት ቅዳሜ ከሰዓት በእግር ኳስ ክለቡ አዳራሽ ነው። ከሜልበርን የመጡ ጥቂት ባለ ጥቁር ልብስ ወጣቶች ከኋላ ቆመዋል፤ የፊቱን ጠረጴዛ የያዙት ግን የቻርሊ የፈረቃ ጓደኞች ናቸው። መካከላቸው ዲርክ አለ፤ ከቻርሊ ጋር አንድ ቦይለር ሲልጥ የኖረ ሆላንዳዊ፣ ጆዜትን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገ። ዘንድሮ እሱንም ሳሉ አጉብጦታል። በክለቡ ሎተሪ የደረሰውን አንድ ትሪ ጥሬ ሥጋ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሰባቱን ዘፈን ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

"አጎቴ ዲርክ፣ እንዴት ነው?" አለው ራፍ ከመድረክ በማይኩ።

"ቦይለሩ ሲበላሽ... እንዲህ ነበር የሚጮኸው" አለ ዲርክ፣ አዳራሹም በሳቅ ፈነዳ።

ከዚያ ራፍ ጊታሩን ዝቅ አደረገ። ለጆዜት ያልነገራት ነገር ነበረው፤ ደግ አስቦ ነው፣ ደስ ይላት መስሎት። "ስምንተኛውን ዝምታ ሳናገኝ ቻርሊ ቀደመን" አለ። "ክለባችን አባል ሲሞትበት የሚያደርገውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማይኮቹን ከላይ ሰቅያለሁ። ለቻርሊ አንድ ደቂቃ ዝም እንበልለትና ያንኑ እንቀርጸዋለን። እባካችሁ፣ ኮሽታ እንዳይኖር።"

ወንበር ተንኳኳ፣ ሁሉም ተነሣ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ጆዜት ድራሟ ኋላ ተቀምጣለች። ለራፍ ምልክት ልትሰጠው ፈለገች፤ ራፍ አንገቱን ደፍቷል። ዓይኗ ዲርክ ላይ አረፈ።

ሽማግሌው መዳፉን አፉ ላይ አፍኗል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ ፊቱ መጀመሪያ ቀላ ከዚያ ጠቆረ። ከጎኑ ያለውም ሰው እንዲሁ ነው፣ ከሱ ወዲያ ያለውም። እነዚያ ያረጁ ሰዎች ሁሉ፣ ሳንባቸው አንድ ቦታ ያለቀ፣ ለእሷ ቀረጻ ሲሉ ሳላቸውን ውጠው ቆመዋል።

"ተንፍሱ!" ብላ ጮኸች። ዱላዎቹን ወርውራ ተነሣች። "አጎቴ ዲርክ፣ ተንፍስ! ሳል! በእግዚአብሔር፣ ሳሉ!"

ራፍ ደንግጦ ቀና አለ። ዲርክ መዳፉን አነሣና ሳሉ ፈነዳበት፣ ትሪው ከእጁ ወደቀ፣ ጠረጴዛውን ይዞ ጎበጠ። እሱን ተከትሎ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፣ የፊቱ ጠረጴዛ በሙሉ ሳል ሆነ። ከኋላ ያሉት ወጣቶች የዝግጅቱ አካል መስሏቸው ሊያጨበጭቡ ጀምረው አፈሩና ተዉት።

ጆዜት ወርዳ ወለሉ ላይ ዲርክ ፊት ተንበረከከች። ሽማግሌው በሳሉ መሃል ጭንቅላቷን ዳበሳት።

"ይቅርታ ልጄ" አላት፣ በዓይኑ ወደተሰቀለው ማይክ እያመለከተ። "ቀረጻሽን... አበላሸሁብሽ።"

ጉልበቱን አቅፋ ፊቷን ቀበረችበት። "እኔ ነኝ" አለችው። "እኔ ነኝ እንዲያጠፋው ያደረግኩት። ለኔ ብሎ ነው የሞተው።" ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፏ ወጣ። ዲርክ ግን ሳሉ ስላልለቀቀው አልሰማትም።