የሰባተኛው መስክ ሳር

የሰባተኛውን መስክ በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሦስት መቶ ከብት ከኋላዬ ተኮልኩሎ ያጓራል። የመንደሩ ሰው ግማሹ በእግሩ፣ ግማሹ በአህያ ጋሪ ተከትሎን መጥቷል፤ ሴቶቹ እንደ ሠርግ ቀን የላም ቀንድ የሚመስለውን ጥምጣማቸውን አድርገዋል። ማማ ኡዙቫ ዱላቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆመዋል። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፤ ያሏቸው አሥራ አንድ ላሞች ናቸው።

«በይ ክፈቺው እንጂ ልጄ፤ እኔም እንደነሱ ልጮህልሽ ነው?» አሉኝ።

ከፈትኩት። ውስጡ አሸዋ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። እኛ የኦኮንጄ መንደር ሰዎች ከብታችንን አንድ ላይ ቀላቅለን በሽቦ በታጠሩ ዘጠኝ መስኮች ላይ በተራ እናስግጣለን። የትኛው መስክ እንደሚበላ፣ የትኛው እንደሚያርፍ የሚያወጣው ታብሌት ላይ የተጫነ ፕሮግራም ነው። ታብሌቱን የምይዘው እኔ ምባፔዋ ነኝ። ዋና ከተማችን ዊንድሁክ ሦስት ወር ተምሬ ስመለስ ሽማግሌዎቹ «ይቺ ደግሞ ላሞቻችንን በጣቷ ልትነዳቸው ነው» ብለው ስቀውብኝ ነበር። ሁለት ደረቅ ዓመት አንድ ጥጃ ሳይሞት ሲያልፍ ሳቁን ተዉት።

ሰባተኛው መስክ መጠባበቂያችን ነበር። ከጥር ጀምሮ ሰኮና እንዳይረግጠው ተስማማን። ጥቅምት ላይ እንገባበታለን፣ ዝናቡ እስኪመጣ አርባ ቀን ያቆየናል። ፕሮግራሙ ግን ዓይን የለውም። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰው መስኩ ውስጥ ሁለት መቶ እርምጃ እየተራመደ የጫማው ጫፍ ስንት ጊዜ ሳር ላይ እንዳረፈ ይቆጥራል፤ እኔ የነገረኝን ቁጥር አስገባለሁ። ሰባተኛው ሩቅ ነው፣ መኪና ያለው ደግሞ ካፑይሬ ብቻ ነው። ካፑይሬ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የግጦሽ ኮሚቴያችንም ሊቀ መንበር እሱ ነው።

«መቶ አርባ ሁለት» ይለኛል በስልክ። አስገባለሁ። መስኩ ካርታው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ ይላል።

አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላየሁም። እኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም የቆጠረውን መልሶ መቁጠር በአደባባይ ሌባ ብሎ ከመስደብ አይተናነስም። ሞኝነት በሉት። ያኔ ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ነጋዴ መጥቶ የማማ ኡዙቫን ላሞች ሊገዛ ሲል እሳቸው መጀመሪያ እኔ ጋ መጡ። «ልሽጥ ወይስ ልቆይ?» አሉኝ። ታብሌቱን አሳየኋቸው። «ማማ፣ ይቺ አረንጓዴዋ አርባ ቀን ናት። አይሽጡ» አልኳቸው። «አንቺ ካልሽ» ብለው ነጋዴውን ሸኙት።

ጥቅምት ሲገባ ካፑይሬ «አንድ ሳምንት ታገሡ፣ ሳሩ ይጠንክር» ማለት ጀመረ። አንዱ ሳምንት ሦስት ሆነ። እሱ ለቀብር ጎባቢስ ከተማ እንደሄደ ላሞቹ መቆም ሊያቅታቸው ሲል ሳልጠብቀው ነዳኋቸው።

አሁን በሩ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ ሳይ፣ መሬቱ በእበት ተሸፍኗል፤ እርጥብ እበት። ወዲያ ማዶ እሾሃማዎቹ ዛፎች ሥር ሰባ የሚሆኑ ላሞች ተኝተው ያመሰኳሉ። ጎናቸው ሞልቷል። ጆሯቸው ላይ ያለው ቅድ የአባታችን ቤት ቅድ ነው። ካፑይሬ ግንቦት ላይ «ሸክም ልቀንስላችሁ» ብሎ ጎባቢስ ዘመድ ጋ ወሰድኳቸው ያላቸው የራሱ ከብቶች ናቸው። ያን ቀን እጁን ጨብጠን አመስግነነው ነበር! መሐላቸው ሁለቱ የእናቴ ላሞች ናቸው፤ ቡሬዋን በሩቅ ለየኋት።

አንድ ሰው ደውሎለት ኖሮ ከሰዓት በኋላ መኪናውን እያስጓራ ደረሰ።

«ካፑይሬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቀስ በይ። ሰው ፊት አትጩሂብኝ።»

«ጎባቢስ ናቸው አላልከኝም? መቶ አርባ ሁለት አላልከኝም?»

«ለናታችን ብዬ ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ቀጥሎ ወደ ሰዉ ዞረና ድምፁን ከፍ አደረገ። «ወገኖቼ፣ ማሽን ይሳሳታል ብያችሁ ነበር። ቁጥሩን ማን እንደጻፈው እዩት። ስሟ አለበት!»

አለበት። በየመስመሩ «መዝጋቢ፦ ምባፔዋ» ይላል። ማን እንደተራመደ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ንዴቱ እንባ ሆኖ ሲመጣብኝ ይበልጥ ተናደድኩ።

ወደ አጎቴ ወደ ሙንያዞ ሄድኩ። እሳቸው የቤታችን የአባቶች እሳት ጠባቂ ናቸው፤ ወደ ቤት የሚገባ ወተት ሁሉ እሳቸው እሳቱ አጠገብ ሳይቀምሱት በማናችንም ጉሮሮ አይወርድም።

«አባቴ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ዋሽቷል።»

አጎቴ አሸዋውን በዱላቸው ጫር አደረጉ። «ከሐምሌ ጀምሮ ከጎባቢስ ነው ብሎ የሚያመጣው ወተት እዚሁ ያረፈው ሳር ወተት ነው» አሉ። «የጎባቢስ ሳር ይመራል። ምላሴ መች አጣው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«የወንድሜ ልጅ ነዋ። ቤቱን ላፍርሰው?»

ከሁሉም ይሄ ጎዳኝ። ካፑይሬ ሌባ ነው፣ አለቀ። እኚህ ሰው ግን አራት ወር ሙሉ በየማለዳው ታብሌቱን ታቅፌ ሲያዩኝ «በርቺ ልጄ» ይሉኝ ነበር።

ታብሌቱን ከፈትኩና በሰባተኛው መስክ ላይ ዜሮ አስገባሁ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። መስኩ ቀላ፤ አርባ ቀናችን በአንድ ጊዜ ጠፋ።

ከኋላችን የማማ ኡዙቫ ቀይ ላም ጉልበቷ ከድቷት ተቀመጠች። አራት ወንዶች ጭራዋን ይዘው ሊያነሷት ሞከሩ፣ አልተነሳችም። ማማ ኡዙቫ አልጮኹም። ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«አውቀሽ ነበር?»

«እናቴ ትሙት አላወቅሁም!»

«ወተቱን ግን ጠጥተሻል።»

ጠጥቻለሁ። የመንደሩ ላሞች ጡት ደርቆ ሰው ሻዩን ያለ ወተት ሲጠጣ፣ እኛ ቤት ካፑይሬ በየሳምንቱ በባልዲ የሚያመጣው እርጎ አልጎደለም። ወፍራም ነበር። ከንፈሬን እየጠረግሁ አንድም ቀን ከየት ነው አላልኩም።

«ማሽኑ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እኔ መች ማሽኑን አመንኩ» አሉኝ። ጥምጣማቸውን ፈትተው ለላማቸው ጥላ ያዙላትና አጠገቧ አሸዋው ላይ ተቀመጡ።