ላብ ነው እንጂ ዘይት አይደለም

«ማነው ዘይት ያለው?» ጃይሮሲ ከመኪናዋ ሥር ሆነው ጮኹ። «የሚያፈሰው ያንተ ዐይን ነው! ይሄ ላብ ነው፤ ላብ! ልጄ የሠራችው ሞተር ስለሚሠራ ያልበዋል። እንዳንተ ተጋድሞ አይውልም!»

ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሴቶች እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። ሽማግሌው የሟቹን ሰደርያ ለብሰው ባርኔጣቸውን ደፍተዋል፤ ሰደርያው ደረት ላይ የልብስ ሰፊ መርፌ እንደተሰካ ነው። ጃይሮሲ የዚህ ቤት ሳዊራ፣ የቤተሰቡ የቅርብ ወዳጅ፣ ናቸው። ሳዊራ ለቅሶ ላይ ሟቹን እየቀዳ ያስቃል፣ ሌላው የዋጠውን ይናገራል፤ ዝም ያለ እንደሆነ ነው የሚወቀሰው።

ሰካይ ብቻ አልሳቀችም። በሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ሻይዋ እጇ ላይ ቀዝቅዟል። የአባቷ የሙኮኖ አስከሬን ከጀርባዋ ሳሎኑ ውስጥ ነው፤ ነገ ጠዋት ወደ ትውልድ መንደራቸው ይወሰዳል። ያልተቆረጠው በምን እንደሚሄዱ ነበር። ሙኮኖ «ስሞት በፔጆዬ ውሰዱኝ» ሲሉ ኖረዋል። ፔጆዋም ይቻት፤ አሮጌዋ 404፣ ኋላዋ ክፍት የሆነችው፣ የጃይሮሲ እግር ከሥሯ ብቅ ያለው።

ወንድሟ ጋሪካይ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ከተማ ደውዬ የአስከሬን መኪና ልከራይ ነው።»

«ባባ በፔጆዋ ነው ያሉት።»

«ብለዋል። አቧራ መንገድ ላይ ዘይቷን ጨርሳ ብትገትረንስ? ባባን ከነሣጥናቸው ዳር አስቀምጠን መኪና ልንለምን ነው?»

«እስኪመሽ ጊዜ ስጠኝ።»

«ስንት ጊዜ ነው የሠራሻት፣ ሰካይ?»

እሱም መልሱን ያውቀዋል።

መኪናዋ ለዓመታት ዶሮ ሲፈለፈልባት የኖረች ነበረች። ሰካይ መካኒክነት ተምራ ስትመለስ፣ የትንሿ ከተማቸውን የሩሳፔን ተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ያረጁት አባቷ «በይ ነፍስ ዝሪባት» ብለው ሰጧት። ስለ ሞተር የሚያውቁት አንድ ነገር ቢኖር እንደሚጮኽ ነው። ሞተሩን በረንዳው ላይ በታትና፣ አጥባና አሳድሳ ስትገጥመው፣ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። አባቷ መቀሳቸውን ጥለው አጨበጨቡ፤ ሠፈሩን ጠርተው አስጨበጨቡ።

ብዙም ሳይቆይ ከሥሯ ጥቁር ነጠብጣብ ታየ። ዘይቱ የሚወርደው ከኋላ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ነው። ሰካይ ካምቢዮውን አውርዳ ዘይት የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ ኦይል ሲሉን፣ ለወጠችው። አንጠባጠበ። ደግማ ለወጠችው። አሁንም አንጠባጠበ። በሦስተኛው አባቷ «ተይው በቃ፣ ልጄ» አሏት።

ተስፋ የቆረጡባት መሰላት። በዚያው ሰሞን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ ስትጠብቃቸው፣ ፔጆዋን ማዶ ዛፍ ሥር አቁመው፣ በዚያ በሚያማቸው እግራቸው እያነከሱ ሲመጡ አየች። ንጹሕ ሲሚንቶ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ሰፊ ግቢ ባዶውን ነበር። በሥራዬ አፈሩ አለች በልቧ። ከዚያ ወዲህ ከቤት እግሯን አሳጠረች።

ጃይሮሲ ከመኪናዋ ሥር ወጥተው አቧራቸውን አራገፉና በሙኮኖ አነካከስ ግቢውን መዞር ጀመሩ።

«ሙኮኖ፣ ወዴት ነው?» አሉ በራሳቸው ድምፅ። «ቤተ ክርስቲያኑ እኮ እዚህ ነው!»

በሙኮኖ ድምፅ መለሱ። «አፍህን ዝጋ አንተ! ሲሚንቶው ላይ ባቆማት ላቧ ይታያል። ከዚያ ያ ሁሉ ምላሰኛ 'የሰካይ ሥራ' ሊል ነው። እግሬን ይመመኝ እንጂ የልጄ ስም አይነሣም!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሰካይ ወደ አክስቷ ወደ ማርዌይ ዞረች።

«እውነት እንደዚህ ብለዋል?»

«በየእሑዱ ነዋ፤ ጆሯችንን እስኪያመን» አሉ አክስቷ ነጠላ ጨርቃቸውን እያስተካከሉ። «መኪናዋ ታፈሳለች ያለውን ሰው ሁሉ ተጣልቷል። የሠርግ ልብስ ያሰፋ የነበረ ሰው እንኳ ጨርቁን አስይዞ አባሮታል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ መቼ መጣሽና?»

ሰካይ አንገቷን ደፋች። ደስም አላት፣ ጸጸታትም፤ ማልቀስ ግን አልቻለችም።

ጃይሮሲ አልጨረሱም። የሞተሩን ክዳን ከፍተው ባርኔጣቸውን አወለቁና አየሩን ይመቱ ጀመር። «ሂጂ አንቺ ተርብ! የልጄ ሞተር ላይ ጎጆ ቀልሺ ያለሽ ማነው? ባልሽን ይዘሽ ውጪልኝ!»

ሰካይ ብድግ አለች። ሻይው ተደፋ።

«ሰኩሩ፣ እስቲ ይድገሙት» አለች፣ ሽማግሌውን እንደ አያት አክብራ ጠርታ።

«ለቅሶ ላይ ድገሙ ይባላል እንዴ፣ አንቺ ልጅ?»

«የት ጋ ነበር የሚመቱት?»

ሽማግሌው ፊቷን አይተው ቀልዱን ተዉት። «እዚህች ጋ ነዋ፣ ጠዋት ጠዋት። ተርቦቹ ጭቃ በአፋቸው እያመጡ አስቸግረውት ነበር።»

ባርኔጣው ያረፈው ከሞተሩ ጎን፣ አፉ ወደ ታች በተቆለመመ ቱቦ ላይ ነው። ሰካይ ጣቷን አስገባች። ድንጋይ የሆነ ጭቃ ነው፤ ጥፍሯ አልበሳውም። ቱቦው የሞተሩ መተንፈሻ ነው። መኪናዋ ከእሑድ እስከ እሑድ ስትቆም ተርቦቹ ደፍነውታል። ሞተሩ ሲነሣ ውስጡ የታፈነው አየር መውጫ ሲያጣ፣ ዘይቱን እየገፋ በኋላ በኩል ያስወጣዋል። ኦይል ሲሉ ምን በወጣው! ዘይቱ ከኋላ ስለሚወርድ የእሷም ዐይን ከኋላ አልነቀል ብሎ ነበር።

«ጋሪካይ! ሽቦ አምጣልኝ፤ ሙቅ ውሃም!»

ቱቦውን ፈትታ ጭቃውን እየፈረፈረች አወጣችው። ከነጭቃው የደረቁ እጮች ረገፉ። ከሞተሩ ሆድ በውጭ የተለጠፈውን አሮጌ ዘይት ጠርጋ፣ አባቷ ለሸሚዝ ከቆረጡት ነጭ ጨርቅ አንዱን ከሥሯ አነጠፈችና አስነሣቻት። የለቅሶው ከበሮ መቺዎች ከበሯቸውን አስቀመጡ። ሽማግሌዎቹ እሳታቸውን ትተው መጡ። የለቀስተኛው የበቆሎ ገንፎ በትልቁ ድስት ተማስሎ እስኪበስል ድረስ ሞተሩ ሠራ። ጋሪካይ ሁለት ጊዜ በሆዱ ተኝቶ አየ። ከዚያ ጨርቁን ስቦ አወጣና ወደ ፀሐይ አነሣው። ነጭ ነው።

«ለአስከሬን መኪናው ሰውዬ መደወሉን ልተወው» አለ። «ባባን አንቺ ትወስጃቸዋለሽ።»

በማግሥቱ ሰካይ አባቷን ይዛ ቀስ ብላ ነዳች። ሣጥኑ ዙሪያ የተቀመጡት ሴቶች እየዘፈኑ ነበር፤ አቀበት ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ድምፃቸውን ዋጠው፣ ቁልቁለቱ ላይ መለሰላቸው። ፔጆዋ የትም አልቆመችም።

አፈሩ ተመልሶ ድንጋዩ ከተደረደረ በኋላ ሰዉ እጁን ታጥቦ ወደ ምግቡ ሄደ። ሰካይ መኪናዋ ጋ ተመለሰች። በጥቁር ቀሚሷ መሬት ላይ ተጋድማ ከሥሯ ገባችና መዳፏን በሞተሩ ሆድ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፈች። አወጣችው። ምንም የለበትም።

«ባባ፣ ኑ እዩ!» ልትል አፏን ከፈተች።

ጃይሮሲ ከመኪናዋ ጎን ቆመው ነበር። ቀልድ አልመጣላቸውም።

«ምን አገኘሽ?»

«ምንም» አለች፤ ያኔ እንባዋ መጣ። መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ ከመኪናዋ መቀመጫ ሥር ጨርቅ አወጣችና፣ እያለቀሰች፣ ንጹሑን እጇን ጣት በጣት ጠረገችው።